የድምፅ መልእክቱ ለምን አምስት ደቂቃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ በአዳማ የአንዲት አነስተኛ ፔንሲዮን እንግዳ መቀበያ ኃላፊ ነኝ። ሁለቱ መደበኛ ስልኮቻችን በጌትዌይ (የስልክ መስመርን ከኮምፒውተር መረብ ጋር በሚያገናኝ ሣጥን) በኩል አስቴሪስክ የተባለው የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር ተያይዘዋል፤ ሌሊት የሚያነሳ ሲጠፋ ደዋዩ መልእክት ይተዋል። ጠዋት ስከፍተው ግን እያንዳንዱ መልእክት አምስት ደቂቃ ነው። ሰውየው ሃያ ሰከንድ ይናገራል፤ የቀረው ሁሉ «ጢጥ፣ ጢጥ» ብቻ። ከውጭ ደውዬ ለማዳመጥ ስሞክር ደግሞ የይለፍ ቁጥሬን አይቀበለኝም። ባለሙያ ጠርተን ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ቢጭነውም ለውጥ የለም።
— እህታችሁ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ኮምፒውተሩን ከእንግዲህ አይንኩት። ያልገባው ጌትዌዩ ነው፤ ደዋዩ መዝጋቱን አላወቀም። በኢንተርኔት ስልክ አንዱ ወገን ሲዘጋ ለሌላው ግልጽ የመዝጊያ ትእዛዝ ይደርሰዋል። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ምልክት ግን ብዙውን ጊዜ ያ ጢጥታ ብቻ ነው። ጌትዌዩ ካልለየው እንደ ሰው ንግግር ያሳልፈዋል፤ የመልእክት ሣጥኑም ይቀዳዋል።

ነገሩን ቀላል አድርገው እንዳያዩት። እኔ ይህን ብልሽት መጀመሪያ ያየሁት በአንድ ክሊኒክ ነው። አንድ የሞተ ጥሪ መስመሩን ይዞት ሳለ፣ ልጇ የታመመባት እናት ሌሊቱን ደጋግማ ደውላ ሊገባላት አልቻለም።

ብዙ ጌትዌዮች ከፋብሪካ የሚመጡት የአሜሪካውን ጢጥታ እንዲለዩ ተስተካክለው ነው፦ 480 እና 620 ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) በአንድ ላይ፣ ግማሽ ሰከንድ ጮኾ ግማሽ ሰከንድ ዝም የሚል። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን 425 ኸርዝ የሆነ ነጠላ ድምፅ ነው የሚሰማው። የእርስዎን መስመር በግምት አይሙሉት፤ መለኪያው በእጅዎ ነው። ያ አሰልቺ ቅጂ ራሱ መልሱን ይዟል። ፋይሉን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱት። ንግግሩ ካበቃ በኋላ ጢጥታው በእኩል ርቀት እንደተተከለ የአጥር እንጨት ተደርድሮ ያዩታል። የአንዱን ርዝመትና ቀጥሎ ያለውን ክፍተት በሚሊሰከንድ ይለኩ። ከዚያ ድምፁን መርጠው የስፔክትረም መስኮቱን ይክፈቱና ከሁሉ ከፍ ብሎ የቆመውን ጫፍ በኸርዝ ያንብቡ። ሦስቱን ቁጥሮች ጌትዌዩ ላይ የመደበኛው መስመር ቅንብር ውስጥ «ቢዚ ቶን» (መስመር ተይዟል የሚለው ድምፅ) በሚለው ቦታ ያስገቡ፤ በዚያ ድምፅ ጥሪው እንዲዘጋም ይፍቀዱ። እኔ ጢጥታው አራት ጊዜ ሲደጋገም እንዲዘጋ አደርጋለሁ፤ በአንዴ ወይም በሁለቴ ከሆነ የሰው ድምፅ ተሳስቶ ጥሪውን ሊያቋርጠው ይችላል። ለጥንቃቄ አስቴሪስክ ላይ የመልእክቱን ጣሪያ 120 ሰከንድ ያድርጉት።

ወደ ይለፍ ቁጥሩ ስንመጣ፣ እያንዳንዱ የስልክ ቁልፍ ሲጫን የሚያሰማው የሁለት ድምፆች ጥምር ነው፤ «5» ለምሳሌ 770 እና 1336 ኸርዝ ነው። ጥሪውን ለማስተላለፍ ድምፁን አጥብቆ የሚጨምቀው ጂ 729 የተባለ ዘዴ ይህን ጥምር ያበላሸዋል። የድምፁን ጥራት በሚጠብቀው በጂ 711 ይተኩትና ቁልፎቹ ከድምፁ ተለይተው አርኤፍሲ 2833 በተባለው ደንብ እንዲተላለፉ በጌትዌዩም በአስቴሪስኩም አንድ ዓይነት ይምረጡ። ቁልፎቹ በድምፁም በዚህ ደንብም አብረው ካለፉ 4715 ብለው የጻፉት 44771155 ሆኖ ሊደርስ ይችላል።

ሲጨርሱ በሞባይልዎ ይደውሉ፣ ጥቂት ተናግረው ይዝጉ፣ ዓይንዎን ከጌትዌዩ የመስመር መብራት አይንቀሉ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ሁለተኛውንም መስመር እንዲሁ ይፈትሹት።