ልጄን የት ላስገባው? ስለ ባሕር ዳር የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥያቄና መልስ

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ምዝገባ በደረሰ ቁጥር «የትኛው ይሻላል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የጠየቃችሁኝን አንድ ላይ ልመልስ።

«እታለም፣ አንዱ ሰርፀ ድንግል ይለኛል፣ ሌላው ድል ችቦ፣ ሌላዋ ሽምብጥ። የቱን ልያዝ?»

ሦስቱም ስም ያላቸው ናቸው። ልጅሽን የሚያስተምራት ግን ስሙ ሳይሆን የአንደኛ ክፍል መምህሯ ነው። እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ «ሀ» ምድብና «መ» ምድብ ሰማይና ምድር የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሰፈርሽ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሦስቱን ሄደሽ እያቸው።

«ሄጄ ምኑን ነው የማየው? ርዕሰ መምህሩ እንደሆነ ሁሉም ጥሩ ነው ይለኛል።»

መጀመሪያ ነገር፣ ነሐሴ ላይ አትሂጂ። ግቢው ባዶ ስለሆነ ቀለሙን ብቻ አይተሽ ትመለሻለሽ። ትምህርት ባለበት ቀን፣ ግንቦት አካባቢ ሂጂ።

አንድ ዴስክ ላይ ስንት ልጅ እንደተቀመጠ ተመልከቺ። ለረጅም ጊዜ መለኪያ ሆኖ የቆየው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ነው። ከዚያ ካለፈማ መምህሯ የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ የምትሰማበት ጊዜ የላትም።

ቀጥሎ ከተፈቀደልሽ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አስነብቢ። ከገጹ መጀመሪያ እንዳትጀምሪ። ልጆች የተማሩትን ገጽ በዜማ ሸምድደው ይወርዱታል፣ ዓይናቸው ግን መስኮቱ ላይ ነው። መሀል መስመር ላይ አንድ ቃል በጣትሽ ጠቁመሽ «ይህ ምን ይላል?» በያት። ፊደሉን አያይዛ ካነበበች እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራ ተሠርቷል። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ካለች ሸምድዳለች ማለት ነው። ይህን ሁለት ሦስት ልጅ ላይ ሞክሪ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ መመዘኛ የለም።

ደብተርም ግለጪ። የመምህሩ እስክሪብቶ ያረፈበት ነው ወይስ ልጁ ብቻውን ሲገለብጥ የከረመበት? ሽንት ቤቱን ሳታዪ ደግሞ እንዳትወጪ። በር አለው? ውሃ አለ? ሴት ልጅ ያለሽ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«የኢንስፔክሽን ደረጃ 3 ያገኘው ከደረጃ 2ቱ ይበልጣል ማለት ነው?»

በነጥብ አዎ። ኢንስፔክሽን ማለት የትምህርት ተቆጣጣሪዎች ትምህርት ቤቱን መጥተው የሚመዝኑበት ነው። ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። የሚመዘነው ግን ግብዓቱም፣ የማስተማር ሂደቱም፣ ውጤቱም ተደምሮ ነው። አጥርና ቤተ መጻሕፍት ነጥቡን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ውጤቱን ለብቻ፣ ሂደቱን ለብቻ ጠይቁ።

«የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤትስ?»

አሁን አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1 እስከ 6 ነው፤ 7ና 8 መካከለኛ ደረጃ ሆኗል። ስለዚህ የ8ኛ ክፍል ውጤት ለሰባት ዓመት ልጅ ብዙ አይነግርዎትም። ካዩትም ስንት አለፈ ብቻ አይበሉ፤ ስንት ተመዝግቦ ስንት እንደተፈተነ ይጠይቁ።

«የምንኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ጥሩ የተባለው ደግሞ መሀል ከተማ። በባጃጅ ላመላልሰው?»

አዲሱ 380 ሜትር ድልድይ ግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ መሻገሩ ቀሏል። እኔ ግን ቅርቡን ይምረጡ እላለሁ። የባጃጅ ወጪው በየወሩ አለ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ወባ ሲነሳ ልጁ ክፍል ውስጥ ትኩሳት ቢይዘው ማን ደርሶ ያመጣዋል? ቅርብ ከሆኑ እርስዎም ስብሰባ አይቀሩም፣ መምህሩም ያውቅዎታል። ቅርቡ ከመጠን በላይ ከተጨናነቀ ብቻ ነው ማዶ መሻገር።

«ፈረቃ ከሆነ ጠዋት ይሻላል ከሰዓት?»

ጠዋት። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ልጅ እንቅልፍ ነው የሚታገለው።

«ጎረቤቶቼ ለእንግሊዝኛው ብለው የግል አስገቡ። እኔ አቅሙ የለኝም፣ ልጄን በደልኩት?»

በፍጹም አልበደልሽውም! በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማሪያው አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። በአማርኛ አጥርቶ የሚያነብ ልጅ እንግሊዝኛውን ይደርስበታል። በሁለቱም ሳያነብ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነው የሚያሳዝነኝ፤ እንዲህ ያለው ከግልም ከመንግሥትም መጥቶልኛል። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት አስነብቢው። አንቺ ማንበብ ባትችዪም አጠገቡ ተቀምጠሽ ስሚው።

«በግጭቱ ምክንያት ከገጠር የመጣን ነን። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ መሸኛ የሚጽፍልን የለም።»

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ልጁን ይዘው ወደ ቅርቡ ትምህርት ቤት ይሂዱ፤ ከሚኖሩበት ቀበሌ ደብዳቤ ያጽፉ፤ በፈተና ተመዝኖ ክፍሉ እንዲወሰንለት ይጠይቁ። እምቢ ካሉ የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ዕድሜው ከክፍሉ ይበልጣል ብለው ቤት እንዳያስቀሩት፤ አደራ።

«ለምዝገባ ምን ልያዝ?»

የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የእርስዎን መታወቂያ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሂዱ፤ ቅርብ ያሉት ቶሎ ይሞላሉ። ሲመዘገቡም አንደኛ ክፍልን ዘንድሮ ማን እንደሚይዝ እዚያው ይጠይቁ።