ለአባዬ ያልተረጎምኩለትን ልጻፈው ወይስ ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አሜሪካ ነው። ዘንድሮ ለሕክምና ትምህርት ቤት አመለክታለሁ። ኤምካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ተገላግያለሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎቼም ገብተዋል። የቀረኝ ፐርሰናል ስቴትመንቱ፣ ለምን ሐኪም መሆን እንደምፈልግ የምጽፍበት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። አምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ የሚፈቀደው በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሳይቀር ተቆጥሮ 5,300 ፊደል ነው። የእኔ 9,100 ደርሷል። ረቂቁን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

ሲጀምር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እንደምወድ ይናገራል። ቀጥሎ በበጎ ፈቃድ ያገለገልኩባቸው ቦታዎች፣ የላብራቶሪ ምርምሬና የወሰድኳቸው ሥልጠናዎች አሉ። አሁን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስክራይብ ነኝ፤ ሐኪሙ የሚለውን መዝገብ ላይ የምጽፍለት እኔ ነኝ። እዚያ በአንድ የበዓል ቀን የመጡ የ91 ዓመት እናት እጄን ይዘው ያሉኝን ጽፌያለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ የወደዱት እሱን ነው። አባቴ ባረፈበት ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ለምን ሲ ፕላስ እንዳገኘሁም አስረድቻለሁ።

ያልጻፍኩት ግን አለ። አባዬ የኩላሊት ሕመምተኛ ነበር። እንግሊዝኛ ብዙም ስለማይሰማ ከ13 ዓመቴ ጀምሮ ቀጠሮው ላይ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ አያገግሙም፣ ንቅለ ተከላ ካላገኘ ዕድሜ ልኩን ዲያሊሲስ ያስፈልገዋል አለ። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለ?» አለኝ። «ኩላሊትህ ደክሟል፤ እስኪያገግም ማሽኑ ያግዘዋል» አልኩት። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት ማሽኑ ሥር እየተቀመጠ፣ የሚያገግምበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት በዋልኩበት አንድ ቀን በስልክ አስተርጓሚ አገናኙትና እውነቱን ሰማ። ማታ ስገባ ምንም አላለኝም። እስኪሞት ድረስም አላነሳብኝም።

ይህን ብጽፍ «ታካሚ ልትዋሽ ነው» አይሉኝም? እናቴ ደግሞ የአባትሽን ገመና ለማያውቁሽ ሰዎች አትዝሪ ትለኛለች። እጽፈዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ መልሼ እጽፈዋለሁ። ለመላክ ያሰብኩበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የትኛውን ልተው?

ስሜ ይቆይ

*

እህቴ፣

ረቂቅሽን ሁለት ጊዜ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ደብዳቤሽ ከረቂቅሽ እጅግ ይበልጣል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አመልካች በሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጬ አላውቅም፤ የሰው ጽሑፍ መቁረጥ ግን መተዳደሪያዬ ነው።

የማያከራክረውን አስቀድመን እንጣል። የበጎ ፈቃድና የምርምር ዝርዝሩ ይውጣ፤ አምካስ ለእሱ የተለየ ክፍል አለው። እስከ 15 ተግባራት ታስገቢያለሽ፣ ለእያንዳንዱ 700 ፊደል ይሰጥሻል፣ ከሁሉ ይልቅ ትርጉም አላቸው ብለሽ ለምትመርጫቸው ሦስቱ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 1,325 ይጨምርልሻል። ሲ ፕላሱም ይውጣ። ውጤትሽ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ኋላ በሚልኩት ሁለተኛ ማመልከቻ ስለ ትምህርት መሰናክል ስለሚጠይቁ እዚያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ትመልሺዋለሽ። መጨረሻው ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ጠርተሽ አሞግሰሻል። ይህ ጽሑፍ ሳይለወጥ ለምታመለክቺባቸው ሁሉ ነው የሚደርሰው፤ አንዴ ከላክሽው ደግሞ ተመልሰሽ አታርሚውም። ሰው መርዳት ስለ መውደድሽ የሚለው መክፈቻም አይጠቅምሽም፤ ሰው መርዳት የፈለገ መምህርም፣ እሳት አደጋ ተከላካይም ይሆናል። የተጠየቅሽው ለምን ሕክምና እንደመረጥሽ ነው።

በነገራችን ላይ፣ 5,300 ሲባል በእኛ ፊደል የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር። «ኩላሊት» በእኛ አራት ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ሰባት ይፈጃል። በአማርኛ ቢፈቀድልሽ ኖሮ ይሄኔ እኔን አትፈልጊኝም ነበር።

አሁን ወደ እኚያ የ91 ዓመት እናት። ጓደኞችሽ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ይውጡ። አንደኛ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው ሂፓ የተባለው ሕግና ደንቦቹ የሚያስሩት ሐኪሙን ብቻ አይደለም፣ እዚያ የምትሠሪ አንቺንም ነው። ስማቸውን ስላልጻፍሽ የዳንሽ መስሎሻል። የታካሚን ማንነት ይጠቁማሉ ተብለው ከሚሰረዙት 18 ዓይነት መረጃዎች አንዱ የመጡበት ቀን ነው፤ ከ89 በላይ የሆነ ዕድሜም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለበት። አንቺ ሁለቱንም ጽፈሻል፣ እሱም ለሚመርጡሽ ሐኪሞች። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ እዚያ ትዕይንት ላይ የምታምሪው አንቺ ነሽ። እጅ ተያዘ፣ እንባ መጣ፣ አንቺ የወሰንሽው ነገር ግን የለም። ያቺን ገጽ ማንም ደግ ሰው ሊጽፋት ይችላል።

ረቂቁን ሳነብ እርሳሴን ያስቆመኝ ሌላ ቦታ ነው። ስምንተኛው አንቀጽ ላይ፣ ከሥልጠናዎቹ መሀል፣ በሁለት ነጠላ ሰረዝ መካከል የተሸጎጠች ሐረግ አለች፤ «የ40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና» ትላለች። ከዚያ ወደ ላብራቶሪው ታልፊያለሽ። አስተርጓሚዎች ገና ሲጀምሩ የሚማሩት የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስን ነው። አንድ ቃል ከአባቷ ላይ የቀነሰች ልጅ አድጋ፣ ማንም ሳያስገድዳት ሄዳ፣ ይህን ትምህርት ቁጭ ብላ ሰማች። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ምን አሰብሽ? ረቂቅሽ አይነግረኝም። ዋሾ ይሉኛል ብለሽ የፈራሽውን የሚመልሰው ይኸው ነው፤ በልጅነቷ ለአባቷ አዝና የዋሸችውን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው የሚመዝኑት።

ለራስሽ ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጽሑፉ ውስጥ አታስገቢው፣ ሰበብ ይመስልብሻል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል ደንብ መሠረት የሕክምና ተቋማት፣ ለሰው ደኅንነት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ገጥሟቸው ሌላ አስተርጓሚ ካላጡ በቀር፣ ልጆችን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ተከልክለዋል። አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር የልጅ ወንበር አልነበረም።

ግን እዚህ ላይ አታቁሚ። ታሪኩ እስካሁን የሚያስረዳው ለምን አስተርጓሚ እንደሆንሽ ብቻ ነው፤ ለምን አልበቃሽም? እኔ እንደማየው እስከ ዛሬ የያዝሽው ሥራ ሁሉ የሐኪም ቃል ማመላለስ ነው። ልጅ ሆነሽ ወደ አባትሽ፣ አሁን ደግሞ ወደ መዝገብ። ኩላሊቱ ያገግም እንደሆነ የሚያውቀው፣ ያወቀውንም በምን ቃል እንደሚናገር የሚመርጠው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው መሆን ፈልገሽ ከሆነ በግልጽ በይው። እኔ ተሳስቼ ምክንያትሽ ሌላ ከሆነም ጻፊው፤ ሦስት ሳምንቱን ለዚህ አንቀጽ አውይው፤ ሌላው በአንድ ቅዳሜ ያልቃል።

ስክራይብነትሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር አቆዪው፣ ምክንያት አለኝ። ስክራይብ የሚቀጠረው ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን አንስቶ ታካሚውን እንዲያይ ነው። ያ የአባትሽ ሐኪም ዓይኑን እንዳላነሳ ጻፊ፣ ስለ እሱ ግን ሌላ ምንም አትጨምሪ። «ልበ ደንዳና»ም «ችኩል»ም አትበይው። ከሚያነቡሽ ብዙዎቹ ሐኪሞች ናቸው፤ እነሱም እንዲያ ያደረጉበትን ቀን ያስታውሳሉ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ግማሹን ትክክል ናት። የአባትሽ የመጨረሻ ቀናት፣ ሰውነቱ የደረሰበት፣ ረቂቅሽ ውስጥ እናትሽ ስታለቅስ ያደረችበት ሌሊት የአንቺ ብቻ አይደሉም። ይውጡ። ማረፉን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል። ያልተረጎምሽው ቃል ግን የአንቺ ነው፤ እናትሽም እዚያ ክፍል አልነበረችም።

አንድ ፈተና አለኝ። የጻፍሽውን ነገር ቃለ መጠይቅ ላይ የማታውቂው ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ሊያነሳብሽ ይችላል። ስለዚህ ታሪኩን ለማያውቅ አንድ ሰው ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም፤ መጨረስ ካቃተሽ ግን ዘንድሮ ተዪው። ያን ጊዜ በስልጠናው ክፍል ጀምሪ፣ ለምን እንደሄድሽ በጥቅሉ ለአባቴ እያስተረጎምኩ አደግኩ ብለሽ እለፊ። ደከም ያለ ጽሑፍ ይሆናል፣ አያሳፍርም።

ካለቀ በኋላ አባትሽ ያለበትን አንቀጽ ለእናትሽ ወስደሽ በአማርኛ አንብቢላት። ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። አውጪው የምትልሽ ቃል ካለ አውጪላት፣ ከዚያ ፊደሉን ቁጠሪ።