ሞተር ካወረዳችሁ አይቀር

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የአባቶቻችሁን ላዳ ከግቢ ጥግ አውጥታችሁ ለማደስ የተነሳችሁ በርከት ብላችኋል። ደስ ይላል። ጎንደር ውስጥ አሮጌ መኪና የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ሲቀር ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ግን የምትጠይቁኝ ሁሉ ስለ ሞተርና ስለ ቀለም ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት እግር ሥራ ላይ ነው፤ መኪናዋን ከጎማዋ ጋር የሚያያይዙት ክንዶችና ሞላዎች ማለቴ ነው። ስለዚህ ሳትጠይቁኝ ልናገር፦ ሞተሩን ካወረዳችሁ አይቀር የፊት እግሯንም አብራችሁ አድሱ።

ላዳ 2101 የጣሊያኑ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የፊት እግሯ በየጎኑ የላይና የታች ክንድ አለው። መካከላቸው ሞላ፣ በጎማው በኩል ባለው ጫፋቸው ላይ ቦል ጆይንት የሚባለው ኳስ መሳይ መገጣጠሚያ፣ በሚታሰሩበት በኩል ደግሞ ቡሽንግ የሚባለው በብረት የተያዘ ጎማ። የታችኛው ክንድ የሚታሰረው ከሞተሩ ሥር በሚያልፈው ወፍራም ብረት ላይ ነው። ሞተሩም የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው። ሞተሩ ካልወረደ ያንን ብረት ለማውጣት ሞተሩን ከላይ አንጠልጥሎ መያዝ ግድ ይላል። ከወረደ ግን ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ዘይትና ጭቃውን ጠርጋችሁ ስንጥቅ ካለ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ኮብልስቶን ላይ ስትንገጫገጭ ለኖረች መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አደገኛው ልምጣ። ሞላው ታምቆ የተቀመጠ ነው። ሞተር ባለበት ብዙዎቻችን የታችኛውን ክንድ በክሪክ ደግፈን ቀስ እያልን እንለቀዋለን። ሞተሩ ሲወርድ ግን ይህ ዘዴ ጉድ ይሠራል። ከመቶ ኪሎ በላይ ክብደት ከፊት ተነስቷል። ክሪኩን ከፍ ስታደርጉ ሞላው መታመቁ ቀርቶ መኪናዋ ራሷ ከቆመችበት የብረት ድጋፍ፣ ከካቫሌቶው ላይ ትነሳለች። የሞላ ማመቂያ መሣሪያ ከሌላችሁ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ሞላውን በሽቦ የሚያስሩ አሉ። እኔ ባለሁበት ግቢ አይሞከርም።

ከታችኛው ክንድ ዘንግ ሥር ስፔሶር የሚባሉ ስስ የብረት ማስገቢያዎች ታገኛላችሁ። የትኛው ከየት እንደወጣ ለይታችሁ አስቀምጡ። የጎማውን አቋቋም የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አሮጌውን ቡሽንግ በመዶሻ አትደብድቡት፣ ክንዱ ይጣመማል። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ በፕሬስ አስወጡ፤ አዲሱንም እዚያው አስገቡ። ክንዱን መልሳችሁ ስትገጥሙ ዳዶውን (የብሎኑን ማጥበቂያ) ጠጋ አድርጋችሁ ተዉት፤ አታጥብቁት። የቡሽንጉ ጎማ በሁለት ብረት መካከል ተጨናንቆ የተያዘ ስለሆነ ክንዱ ሲንቀሳቀስ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት መኪናዋ መሬት ስትነካ የቡሽንጉ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ከዚያ ቶሎ ይቀደዳል። የመጨረሻው ማጥበቅ ሞተሩ ተመልሶ ገብቶ፣ መኪናዋ በአራት እግሯ ከቆመች በኋላ ነው። ሞተር ሳይገባ መሬት ብታወርዷትም ዋጋ የለውም፣ ፊቷ ከፍ ብሎ ይቆማል።

እናንተን የሚከብዳችሁ እዚህ ላይ ነው። ያልጠበቀ ዳዶ ትቶ ወደ ቤት መሄድ ያሳክካችኋል፤ አውቃለሁ። እኔ ያልጠበቁትን ወረቀት ላይ ጽፌ መሪው ላይ አስራለሁ። እናንተ ስልክ አላችሁ፣ ግን ወረቀቱ ይሻላል፤ ስልክ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ገንዘብ ካጠረ ቀለሙ ይቆይ። መጀመሪያ ቦል ጆይንት፣ ቀጥሎ ቡሽንግና ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ)። ሊማሊሞን ስትወርዱ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ቦል ጆይንት ከተነቀለ ጎማው ይታጠፋል፣ መሪም አይታዘዝም። ሞላው ካልተሰበረና ካልሟሸሸ ጠርጋችሁ መልሱት። ከለወጣችሁ ሁለቱንም ጎን ለውጡ። የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎችም አትርሷቸው።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቋቋም ማስተካከል፣ የሚሠራው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ፒያሳ ድረስ ነድታችሁ ስትመለሱ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ። መሪው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ደግሞ እኔ ዘንድ ከመሮጣችሁ በፊት ስፔሶሮቹን እዩ።