ትሬይለሩን አሥር ጊዜ ካያችሁ በኋላ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ስሠራ ከወዲያኛው ክፍል ጩኸት ሰማሁ። ሰው የሞተ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ለካስ ልጆቹ አንድ ስልክ ላይ ተደራርበው የሚወዱት ጃፓናዊ ዳይሬክተር ያሳወቀውን ፊልም ትሬይለር (አጭር ማስተዋወቂያ) እያዩ ነው። ሠላሳ ሰከንድ አይሞላም፤ አሥር ጊዜ ደገሙት። «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ አይሳሳትም!» አለኝ አንዱ።

እኔ ሥዕል እያንቀሳቀስኩ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አብዛኛው የሳሙናና የዘይት ማስታወቂያ ነው፤ አላፍርበትም። ደስታችሁም ይገባኛል። ግን ስለ መጠበቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስመ ጥሩው የጃፓን የአኒሜሽን ፊልም ዳይሬክተር ሚያዛኪ በ2013 ረጅም ፊልም በቃኝ ብሎ ጡረታ ወጣ። አላስቻለውም፣ ተመለሰ። በ2020 ፕሮዲውሰሩ ቶሺዮ ሱዙኪ ሥራው የት እንደደረሰ ሲጠየቅ፣ 60 አኒሜተሮች (ሥዕሉን እየሳሉ የሚያንቀሳቅሱ ባለሙያዎች) ይዘው በወር የሚወጣላቸው 1 ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ስድሳ ሰው፣ አንድ ወር፣ አንድ ደቂቃ! ፊልሙ በ2023 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ደግሞ ትሬይለር እንኳ አልነበረውም። አንድ የወፍ ፖስተር፣ በቃ። በዓመቱ ኦስካር ወሰደ።

ለምን እንዲህ ይዘገያል? አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ናት። ጃፓኖቹ ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም ስለሚያቆዩት በሰከንድ 8 ሥዕል ይበቃቸዋል። «ይበቃል» ስላልኩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ አኒሜተር እጅ ሲነሳና ሲያርፍ ያሉትን ዋና ዋና ሥዕሎች ይስላል። ሌላው መሃሉን ይሞላል። ሌላው ደግሞ ፊቱ ከትዕይንት ትዕይንት እንዳይለወጥ እየተከታተለ ያርማል። እናንተ የዳይሬክተሩን ስም ትጠራላችሁ፤ መሃል ሞይውን የሚያውቀው ግን እናቱና ደመወዝ ከፋዩ ናቸው። ፊልሙ ሲያልቅ ቶሎ አትዝጉት፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የስም ዝርዝር እዩት።

የተባለ ሁሉ ደግሞ አይመጣም። ሌላው ዳይሬክተር ሳቶሺ ኮን በ2010 በቆሽት ካንሰር ሲሞት ገና 46 ዓመቱ ነበር። የጀመረው ፊልም እስከ ዛሬ አላለቀም። ዳይሬክተር ማሞሩ ሆሶዳ በሚያዛኪ ስቱዲዮ በጂብሊ ውስጥ እንዲሠራ የተሰጠው ትልቅ ፊልም ከእጁ ወጥቶ ሚያዛኪ ጨረሰው። ሆሶዳ ግን በ2006 የራሱን ይዞ ብቅ አለ። ላም አለኝ በሰማይ የምንለው እዚያም ይሠራል።

እኔም ላም ነበረችኝ። ወጣት ሳለሁ የ4 ደቂቃ ፊልም ልሠራ ነው ብዬ ለዘመድ ለጎረቤት አወራሁ። ገንዘብ እሰጣለሁ ያለኝ ድርጅት ነበር፤ ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ገንዘቡ ሰበብ ነው። ያወራሁ ቀን የሠራሁት ያህል ረክቼ ነበር። 11 ሰከንድ ላይ ቆምኩ። እናቴ በየበዓሉ ዶሮ ወጡን እያወጣች «ያ ፊልምህስ?» ትለኝ ነበር። ምንም የምመልሰው አልነበረኝም።

ዳይሬክተር ማኮቶ ሺንካይን ታውቁታላችሁ፤ በ2016 ያወጣውን Your Name የተባለ ፊልም ያላያችሁ ያላችሁ አይመስለኝም። እሱ የጌም ኩባንያ ተቀጣሪ ነበር። ሥራውን ለቀቀና 25 ደቂቃ የምትሆን ፊልም ቤቱ፣ ማክ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አብዛኛውን ብቻውን ሠራ። መጀመሪያ ድምፁን የሰጡት ራሱና እጮኛው ናቸው። ፊልሟ Voices of a Distant Star ትባላለች፤ በ2002 ወጣች። ፊቶቹ ብዙም አያምሩም፤ ሰማዩ ግን ዛሬ የምትጮኹለት ሰማይ ራሱ ነው። አዲሱን ስትጠብቁ እሷን ፈልጋችሁ እዩ። የምትወዱት ዳይሬክተር ከምን እንደተነሳ ሳታዩ ወዴት እንደሚሄድ አትገምቱ።

ያን ቀን ለዚያ ለጮኸው ልጅ ሥራ ሰጠሁት። ፊልሙ እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ ሁለት ሰከንድ፣ በእጅ። አንዲት ሴት ሙሉ ጀሪካን ይዛ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ስትወጣ። «ሁለት ሰከንድ ብቻ?» ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ጀሪካኑ ባዶ ይመስላል አልኩት፤ ትከሻዋ አልተጎተተም፣ ሌላኛው እጇም ሚዛን አልፈለገም። አኮረፈ። ወርዶ ከሱቁ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተዋሰና አራተኛ ፎቅ ድረስ ራሱ ተሸክሞ ወጣ።

ትናንት አዲሱን አሳየኝ። ትከሻዋ ተጎትቷል፤ አራተኛው ደረጃ ላይ ቆም ብላ እጅ ትቀይራለች፤ ያንን እኔ አላልኩትም። ግራ እግሯ ግን አሁንም ትንሽ ይንሸራተታል።