ዝናብ ሲጥል የመኪናውን የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ማጥፋት ተገቢ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂያችን ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጡ፣ ዝናብ ባረጠበው ኩርባ ላይ የሚንሸራተት መኪና ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ሞተሩ ጉልበት እንዳጣባቸው፣ አንድ መካኒክም «ክረምቱን የመረጋጋት መቆጣጠሪያውን አጥፍተህ ንዳ» እንዳላቸው ጽፈዋል። በዚሁ መንገድ ዘወትር እንደሚመላለስ ሰው የምመልሰው፣ መኪናው አስፋልት ላይ እየሄደ እስካለ ድረስ አያጥፉት ብዬ ነው።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱ መቆጣጠሪያው በዚያች ቅጽበት ሥራ ላይ መሆኑን ያመለክታል፤ ብልሽት ቢኖር ሳያቋርጥ በርቶ ይቀር ነበር። ኮምፒውተሩ መሪውን ወዴት እንዳዞሩት ከመሪው ሴንሰር፣ መኪናው በእርግጥ ወዴት እየዞረ እንደሆነ ደግሞ ከሌሎች ሴንሰሮች ያነብባል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሚያስፈልገውንም ጎማ ለይቶ በፍሬን ይይዛል። የመኪናው ኋላ ወደ ውጭ ሲሸሽ በዋናነት የሚያዘው በኩርባው ውጭ በኩል ያለው የፊት ጎማ ነው፤ ፊቱ አልታጠፍ ብሎ ቀጥ ሲል ደግሞ በውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ። አንድ የፍሬን ፔዳል ብቻ ያለው ሹፌር፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ይህን በእግሩ ሊያደርገው አይችልም። ጉልበት ጠፋ ያሉትም ይኸው ነው፤ አብሮ ከሚሰማው የመንገጫገጭ ድምፅም አይደንግጡ። ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ መሪውንም ሳይወረውሩ መሄድ ወደሚፈልጉበት ይያዙ።

ቴክኖሎጂው በ1995 እ.ኤ.አ. ቦሽና መርሴዲስ ለገበያ ያቀረቡት ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2014 ወዲህ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል። ለክረምት የማይሆን ነገር ቢሆን ኖሮ በረዶ የለመዱት አገሮች አስቀድመው በተዉት ነበር።

የማጥፊያው ቁልፍ የተቀመጠው ለሌላ ጉዳይ ነው። መኪናው በረዶ ውስጥ፣ በእኛ አገር ደግሞ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር፣ ጎማው ትንሽ ካልተሽከረከረ አይወጣም፤ መቆጣጠሪያው ግን ጉልበቱን እየቀነሰ ያንቀዋል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ቁልፉን አንድ ጊዜ ነካ ማድረግ የመንሸራተት መከላከያውን፣ ማለትም ጎማው በጉልበት ብዛት በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚይዘውን ክፍል ብቻ ያጠፋል፣ እርሱም ፍጥነት ሲጨምር ራሱ ይመለሳል። መኪናው ቆሞ ሳለ ከ3 ሰከንድ በላይ ተጭነው ከያዙት ግን እርሱም የመረጋጋት መቆጣጠሪያውም ይጠፋሉ፤ ፍጥነት ቢጨምሩም አይመለሱምና ከጭቃው እንደወጡ ቁልፉን መልሰው ይጫኑ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጎማው ነው። መቆጣጠሪያው የሚሠራው ጎማው መሬት በያዘው ልክ ብቻ ስለሆነ፣ ጥርሱ ባለቀ ጎማ ላይ ምንም ተአምር አይሠራም። በፈጣኑ መንገድ ላይ በከባድ ዝናብ እየበረሩ ውኃ ከጎማው ሥር ከገባ፣ ጎማው የሚይዘው መሬት የለውምና መቆጣጠሪያው ፍሬኑን ቢይዝም ለውጥ አያመጣም። ከደረቁ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብም የተጠራቀመውን አቧራና ዘይት አስፋልቱ ላይ ስለሚለቀልቀው ከባዱ ዝናብ ያህል ያንሸራትታል። ጎሚስታው ዘንድ ሲሄዱ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች አያስገጥሙ፤ ሴንሰሮቹ የእያንዳንዱን ጎማ ዙር ስለሚያነጻጽሩ ይሳሳታሉ።

በመጠነኛ ፍጥነት እየነዱ እዚያው ኩርባ ላይ መብራቱ ደጋግሞ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ እኔ ብሆን በመጀመሪያ የምጠረጥረው ጎማውን ነው። የአራቱን ጎማዎች መጠንና የጥርሳቸውን ሁኔታ ቢጽፉልን ከዚህ የተሻለ መልስ መስጠት ይቻላል።