«ሁለት ባላ ትከል» ግን መንጠልጠሉን ሳትማር አይሆንም

ሰላም ወንድሜ። ደብዳቤህን ማታ አንብቤ ተኛሁ፣ እንቅልፍ ግን እምቢ ስላለኝ ጠዋት ተነስቼ ደግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉን ባጭሩ ልድገመው። ዳላስ ነህ፣ 24 አመትህ ነው፣ በባለ አንድ ሞተሯ ሴስና 172 የግል አብራሪ ላይሰንስና የኢንስትሩመንት ሬቲንግ (ውጭ ሳያዩ በመሳሪያ ብቻ የመብረር ፈቃድ) ይዘሃል፣ 170 ሰዓት በርረሃል፣ ግሪን ካርድህ ወጥቷል፣ ማታ ማታ መጋዘን ትሰራለህ። እናትህ ከአዲስ አበባ እየደወሉ «በአንድ ሞተር ስትበር እኔ አልተኛም፣ ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል፣ ቶሎ ባለ ሁለት ሞተሩ ላይ ውጣልኝ» ይሉሃል። አጎትህ ደግሞ ዘመድ ያዋጣውን ገንዘብ ይዘው ትዊን ኮማንቼ በምትባል አሮጌ ትንሽ ባለ ሁለት ሞተር የሚሰጥ የሶስት ቀን የመልቲ (የባለ ሁለት ሞተር ፈቃድ) ኮርስ በርካሽ አግኝተውልህ ቅዳሜ ቀብድ ሊከፍሉ ነው።

ምክንያቱን ኋላ ላስረዳህ፣ መጀመሪያ ግን ልንገርህ፤ ቅዳሜ ያ ቀብድ እንዳይከፈል።

የጠየቅከኝን ሌላ ሌላውን ቶሎ ልመልስልህ። መነጽር ማድረግህ አያግድህም፣ በመነጽር እያንዳንዱ አይንህ 20/20 ካየ አንደኛ ክፍል ሜዲካል (የአየር መንገድ አብራሪ የጤና ማረጋገጫ) ታገኛለህ። የሬዲዮ እንግሊዝኛህ በልምምድ ይስተካከላል፣ ብቻ አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ተናገር። 24 አመት ደግሞ ገና ነህ።

አሁን ወደ ሞተሩ። እናትህ የጠቀሱት ተረት ለቦይንጉ ልክ ነው። ትልቁ ጄት መነሻው ላይ አንድ ሞተር ቢጠፋበት በቀረው ይዞ መውጣት እንዲችል ህግ ያስገድደዋል፣ አብራሪዎቹም ይሄንኑ በየጊዜው ሲሙሌተር ላይ ይደጋግሙታል። ትንንሾቹ ባለ ሁለት ሞተሮች ግን ሌላ አለም ናቸው። እነዚህ አውሮፕላኖች የተሰሩበት የአሜሪካ ህግ ክብደታቸው ከ6,000 ፓውንድ ያልበለጠና የስቶል ፍጥነታቸው፣ ማለት ሲዘገዩ ክንፋቸው መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት፣ ከ61 ኖት ያላለፈ ከሆነ በአንድ ሞተር ከፍታ መጨመር መቻላቸውን እንዲያሳዩ አያስገድድም ነበር፣ አንተ የምትማርባቸው አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። አንዱ ሞተር ሲቆም ግማሽ ጉልበት ነው የጠፋው ትላለህ፣ እውነትም የጠፋው ጉልበት ግማሽ ነው፣ የመውጣት አቅሙ ግን ቢያንስ 80 በመቶው ይሄዳል፣ ይሄን የአሜሪካ አቪዬሽን ባለስልጣን የማስተማሪያ መጽሐፉ ላይ በግልጽ ጽፎታል። ምክንያቱም የመጀመሪያው ጉልበት በሙሉ የሚያልቀው አውሮፕላኑን አየር ላይ ለማቆየት ነው፣ ወደ ላይ የሚወስድህ ከዛ የተረፈው ብቻ ነው። ማሰልጠኛ የሆነውን ባለ ሁለት ሞተር ፓይፐር ሴሚኖልን ውሰድ፣ ሁለት ባለ 180 ፈረስ ጉልበት ሞተር አለው፣ በባህር ጠለል ላይ በሁለቱም በደቂቃ ከ1,300 ጫማ በላይ ይወጣል፣ በአንዱ ወደ 200 ጫማ ገደማ። ለዛውም አውሮፕላኑ አዲስ፣ አብራሪው ምንም የማይሳሳት ሆኖ ማለት ነው።

አንድ ቀን አገር ቤት ገብቼ በትንሽ ባለ ሁለት ሞተር ቻርተር እሰራለሁ ስላልከኝ ይቺን ጨምርባት። ሴሚኖል በአንድ ሞተር የሚደርስበት ጣሪያ ወደ 3,800 ጫማ ነው። ቦሌ መሬቱ ራሱ 7,625 ጫማ ላይ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር እዛ ሳይነሳ ጉልበቱ ቀንሷል፣ ከሰዓት በኋላ 22 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ አየሩ ለሞተሩ 10,000 ጫማ ላይ ያለ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ባላ ቦሌ ላይ ቀስ እያልክ የምትወርድበትን ቦታ እንድትመርጥ ጊዜ ይሰጥሃል እንጂ አይሸከምህም። እናትህ ይሄን ማንም አልነገራቸውም።

ደግሞ አለመውጣቱ ቀላሉ ነው። ክፉው መገልበጡ ነው። ግራው ሲቆም ቀኙ በሙሉ ጉልበት እየጎተተ አፍንጫውን ወደ ግራ ያዞረዋል፣ አንተ በቀኝ እግርህ ራደሩን (ጭራው ላይ ያለውን መሪ) ረግጠህ ትይዘዋለህ፣ ራደሩ ግን የሚሰራው አየር ሲመታው ነው፣ ፍጥነትህ ከቀረ እግርህን እስከ መጨረሻ ብትረግጠውም አይበቃም። የፍጥነት መለኪያው ላይ ያለችው ቀይ መስመር ለዛ ናት። ከሷ በታች ስትወርድ ጤነኛው ሞተር ራሱ ነው ጀርባህ ላይ የሚገለብጥህ፣ መሬት አጠገብ ከሆንክ ደግሞ መመለሻ የለም። መውጫው ደግሞ ልብህ እምቢ የሚለው ነገር ነው፤ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግና የጤነኛውን ሞተር ጉልበት መቀነስ። ዛፍ ፊትህ እየመጣ ጤነኛ ሞተር መቀነስ በሶስት ቀን ውስጥ ሰውነትህ ይለምደዋል ብለህ ታምናለህ?

አጎትህ ያገኙት ትዊን ኮማንቼ መሆኑም ነው እንቅልፍ የነሳኝ፣ የዚህ አውሮፕላን ታሪክ ትምህርት ቤት ሊሆንህ ይገባል። በፈረንጆቹ 1963 ሲወጣ ቆንጆ፣ ፈጣን፣ ነዳጅ ቆጣቢ ስለነበር ማሰልጠኛዎቹ ተሻሙበት። ከዛ በ60ዎቹ መጨረሻ ተማሪና አስተማሪ አብረው የሚሞቱበት አደጋ በዛ። የጉዱ ነገር ብዙዎቹ የሞቱት እውነተኛ ሞተር ጠፍቶባቸው አይደለም፣ የሞተር መጥፋትን ሲለማመዱ ነው። ያኔ ልምምዱ ዝቅ ብሎ ነበር የሚሰራው፣ ምክንያቱም ከፍ ባልክ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት ስለሚቀንስ መቆጣጠር የምታጣበት ፍጥነት ይወርዳል፣ የስቶሉ ፍጥነት ግን መለኪያው ላይ እዛው ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። በአንድ ሞተር እየተጎተትክ ስቶል ካደረግክ አውሮፕላኑ ወደ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) ይገባል፣ ኮማንቼው ደግሞ ጠፍጣፋ ስፒን ውስጥ ከገባ አልወጣም ይል ነበር። ኋላ ላይ የቀይ መስመሩ ፍጥነት በሰዓት ከ80 ማይል ወደ 90 ከፍ ተደረገ፣ በ1970 ፕሮፔለሮቹ በተቃራኒ የሚዞሩለት ሞዴል መጣ፣ ልምምዱም ወደ ላይ ተወሰደ፣ ዛሬ ፈተናው ላይ ይሄ ልምምድ ከመሬት ከ3,000 ጫማ በታች አይሰራም። አውሮፕላኑ ክፉ ነው እያልኩህ አይደለም፣ በሚያውቀው እጅ ጥሩ ነው፣ በሶስት ቀን ጥድፊያ ግን አይነካም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም ከ1972 እስከ 1976 ሞተር ጠፍቶባቸው የተከሰከሱ ቀላል ባለ ሁለት ሞተሮችን አጥንቶ በ1979 ያወጣው ሪፖርት አለ፣ ሞተር ከጠፋ በኋላ የሚደርሰው አደጋ ከባለ አንዱ ይልቅ በባለ ሁለቱ ላይ ገዳይ ሆኖ ነው የተገኘው። ባለ አንዱ ሞተሩ ሲጠፋ ምርጫ የለህም፣ አፍንጫ ዝቅ አድርገህ ሜዳ ፈልገህ በቁጥጥርህ ስር ታርፋለህ። ባለ ሁለቱ ግን ተስፋ ይሰጥሃል፣ ያቺን ተስፋ ይዘህ እየጎተትክ ፍጥነት ይጠፋብሃል።

እኔ ከመብረሬ በፊት 12 አመት ሃንጋር ውስጥ ሞተር ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ የሰራሁበት ጥገና ቤት ስብርባሪው በመኪና ተጭኖ የመጣ ባለ ሁለት ሞተር ነበር። የቀኙ ፕሮፔለር ምላጮቹ ጫፋቸው ተጠማዝዞ ነበር፣ እንዲህ የሚሆነው በሙሉ ጉልበት እየዞረ መሬት ሲመታ ነው። የግራው ሞተር ነው የቆመው፣ ግን ምላጩ ፌዘር አልተደረገም፣ ማለት ጠርዙን ወደ ነፋሱ አዙሮ ቀጥ ማለት ሲገባው ጠፍጣፋ ደረቱን ሰጥቶ እንደ ፍሬን እየያዘ ነበር። የፌዘሩን ሊቨር በእጄ ነካሁት፣ እዛው ፊት ላይ ነው ያለው፣ ማንም አልጎተተውም። ጤነኛ ሞተር ይዘው ነው የሞቱት። ቀኑን ሙሉ ከዛ ሊቨር ላይ አይኔን ማንሳት አቃተኝ።

ከዛ ራሴ ስማር፣ አስተማሪዬ ስሮትሎቹን (የሞተር ጉልበት የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሊቨሮች) በካርታ ሸፍኖ የትኛውን እንደቀነሰ ሳላይ እንዳውቅ ያደርገኝ ነበር። ስራ የፈታው እግር ባለበት በኩል ነው የቆመው ሞተር፣ ህጉ ይሄ ነው፣ ከዛ ስሮትሉን ቀንሰህ ታረጋግጣለህ፣ ከዛ ፌዘር። ሞተር በጨለማ የምገጥም ሰው እጄ ወደ ጤነኛው ሊቨር ሄደ። ሁለተኛ ቀንም ሄደ። እጄ ልክ የሆነው አስራ ምናምነኛው ልምምድ ላይ ነው፣ አስተማሪው ስላልቸኮለና ስላላስቸኮለኝ። ለዚህ ነው ሶስት ቀን ስትለኝ ደሜ የሚፈላው።

አዲሶቹስ አትለኝም፣ ዳይመንድ 42 የሚባለው ትንሽ ባለ ሁለት ሞተር በኮምፒውተር ነው የሚሰራው፣ ቆንጆ ነው፣ ብዙ ስራ ይቀንስልሃል። ግን በፈረንጆቹ ማርች 2007 ጀርመን ስፓየር ላይ ባትሪው የደከመ 42 ሁለቱንም ሞተር ከውጭ በመጣ ኤሌክትሪክ አስነስተው ተነሱ፣ ጎማውን ሲያጥፉ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ወረደ፣ የሞተሮቹ ኮምፒውተሮች ጠፍተው ሁለቱም ፕሮፔለር ፌዘር ሆነ፣ ሁለቱም ሞተር ቆመ። ሜዳ ላይ ነው ያረፉት። ሁለቱ ሞተሮች የሚጋሩት ነገር ካለ ሁለት ባላ አይደሉም፣ ይሄንን ማንዋሉን ከፍተህ የምታገኘው አንተ ነህ።

ለእናትህ ደግሞ ይሄን ንገራቸው፣ ዘመኑን ያስታውሱታል። ነሐሴ 1981 በኛ አቆጣጠር፣ አሜሪካዊው ኮንግረስማን ሚኪ ሌላንድ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲሄዱ 16 ሰው የያዘው ትዊን ኦተር ጋምቤላ አካባቢ ተራራ መታ። ባለ ሁለት ሞተር ነበር። በዛ ክረምት ደመና ውስጥ የሚያድነው የሞተር ብዛት ሳይሆን ዛሬ አልሄድም ማለት ነው። ልጃቸውን በህይወት የሚያቆየው እሱ ነው፣ እናት ደግሞ አትሂድ ማለትን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ገንዘቡን በሚመለከት በግልጽ ልናገር፣ አጎትህም ያንብቡት። የመልቲ ሬቲንግ እዚህ አሜሪካ ዝቅተኛ የሰዓት ገደብ የለውም፣ አስተማሪ ከፈረመልህና ቼክራይድ (የበረራ ፈተናውን) ካለፍክ አለቀ፣ ሶስት ቀን የሚቻለውም ለዚህ ነው። ግን ሰባትና ስምንት ሰዓት የመልቲ ልምድ ያለውን ልጅ ማን ይቀጥራል? ኢንሹራንሱ አይፈቅድላቸውም። ኮሜርሻሉ፣ እየተከፈለህ የመብረር ፈቃዱ፣ 250 ሰዓት ይፈልጋል፣ አየር መንገድ ለመግባት የሚያስፈልገው ላይሰንስ ደግሞ ከጠቅላላው ሰዓት ሌላ በመልቲ 50 ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ አሁን መልቲውን ቸኩለህ ብታገኘው ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ይቀመጣል፣ ክህሎቱ ይዝጋል፣ የዘመድ ገንዘብም ያልቃል። ያዋጡት በፍቅር ነው፣ ግን ገንዘብ ሰጪ ስለሆኑ የስልጠናውን ፍጥነት እነሱ አይወስኑም፣ ይሄን አንተ ራስህ ቁጭ ብለህ በአክብሮት መናገር አለብህ፣ ካልደፈርክ ነገ ቻርተር ባለቤት ዝናብ ውስጥ ብረር ሲልህም አትደፍርም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ከመጋዘኑ ወጥቼ ትንሽ አውሮፕላን የሚጠግን ሃንጋር እገባለሁ፣ መጥረጊያ ይዤም ቢሆን። 30 ወር በተፈቀደለት መካኒክ ስር ከሰራህ ለአካሉም ለሞተሩም ላይሰንስ መፈተን ትችላለህ፣ ትምህርት ቤት ሳትከፍል፣ እየተከፈለህ። በጎን በባለ አንድ ሞተሩ ሰዓትህን ትገፋለህ፣ ኮሜርሻልህን፣ ከዛ ኢንስትራክተርነቱን። መልቲው ያኔ ይምጣ፣ በሶስት ሳምንት፣ ሳትቸኩል።

ትምህርት ቤት ስትመርጥ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ይሄን ጠይቅ፤ ፌዘር የሚደረገው በእውነት ነው ወይስ ስሮትል በመቀነስ ብቻ? መነሻ ላይ ሞተር የሚቀነስብኝ ከስንት ጫማ በላይ ነው? ከ400 በታች የሚል ካለ ስልኩን ዝጋ። ይሄ አውሮፕላን ዛሬ ባለው ሙቀትና ክብደት በአንድ ሞተር ስንት ጫማ ይወጣል ብለህም ጠይቅ፣ ማንዋሉን ከፍቶ ከሰንጠረዡ አብሮህ የሚያሰላ አስተማሪ ካገኘህ እሱን ያዝ።

አጎትህ ያገኙትም ትምህርት ቤት ዛሬውኑ ደውለህ እነዚህን ሶስት ጥያቄ ጠይቃቸው፣ መልሳቸውን እንዳለ ጻፍልኝ፣ ከቅዳሜ በፊት እመልስልሃለሁ።