የማይነቃነቀው ዘንግ፦ ለወጣት የአውሮፕላን ቴክኒሻኖች

ልጆቼ፣

በጥገና ሥራ ያረጀ ሰው ምክር ስጥ ሲባል «ማኑዋሉን አንብቡ» ማለት ይቀናዋል። ለእሱ አስተማሪዎቻችሁ ይበቃሉ። እኔ ስለ አንድ ዘንግ ላውጋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ናሳ ከኤፍ-8 ጄት ላይ ከአብራሪው እጅ እስከ ክንፉ የሚደርሰውን ዘንግና ገመድ ነቅሎ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተካው። ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የተሠራው ኮምፒውተር ነበር። ድፍረት ነው፤ ደግነቱ ኮምፒውተሩ ቢከዳ የሚተካው ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት አብሮ ተገጥሟል።

ቀጥሎ የኤፍ-16 ተዋጊ ጄት የሙከራ ናሙና የሆነው ዋይኤፍ-16 መጣ። መሪው በአብራሪው ቀኝ በኩል የተተከለ አጭር ዘንግ ሲሆን ጨርሶ አይነቃነቅም፤ የእጅን ግፊት ብቻ ይለካል። ወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም፤ ኮምፒውተሩ ግፊቱን ካወቀ ዘንጉ ምን ብሎ ይወዛወዛል? እ.ኤ.አ. ጥር 1974 በአሜሪካው የኤድዋርድስ አየር ኃይል ሰፈር የሙከራ አብራሪው ፊል ኦስትሪቸር በፍጥነት ሊያኮበኩብ ብቻ ወጣ። አፍንጫው ቀና ሲል አውሮፕላኑ ግራ ቀኝ ይንገዳገድ ጀመር። ሊያቃናው ሲሞክር ባሰበት፤ የጭራው አግድም ክንፍ መሬት ፋቀ። ከማኮብኮቢያው ሊወጣ ሲል ኃይል ጨምሮ ተነሣ፤ 6 ደቂቃ ያህል በርሮ በሰላም አረፈ። መሐንዲሶቹም አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ ለእጅ የሚሰጠውን ምላሽ አለዘቡት።

አብራሪዎቹ ግን ስለ ዘንጉ ማጉረምረማቸውን አልተዉም፦ እጃችን የቱ ጋ እንደደረሰ አያውቅም አሉ። በመጨረሻ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲላወስ ተደረገ። ለኮምፒውተሩ ምንም አልጨመረለትም፤ ለሰውየው ግን ጨመረለት።

የእናንተም ሥራ እዚህ ላይ ነው። አብራሪ መዝገቡ ላይ «መሪው ይከብዳል» ብሎ ይጽፋል፤ ትለካላችሁ፤ ቁጥሩ ልክ ይሆናል፤ «ተፈትሾ ደህና ነው» ብሎ መፈረም ቀላል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሰውየውን አውቶቡስ ሳይሳፈር ድረሱበት። ወደ የት ሲያዞር? በምን ከፍታ? ሲነሣ ነው ሲያርፍ? ያኔ መለኪያችሁን የት እንደምትሰኩ ታውቃላችሁ።

ኤርባስ ሳይድስቲኩን፣ ማለትም በጎን የሚተከለውን አጭር የመሪ ዘንግ፣ ኤ300 ላይ ሞክሮ በኤ320 ወደ መንገደኛ አውሮፕላን አመጣው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሚያበርራቸው ኤ350ዎችም የምታገኙት እሱኑ ነው። የሁለቱ አብራሪዎች ዘንጎች ግን አብረው አይንቀሳቀሱም፤ አንዱ ሲስብ የሌላው እጅ አይሰማውም። እኔ ይህን ወድጄው አላውቅም፤ የሚከራከሩኝ ጎበዝ መሐንዲሶችም አሉ። ሲሙሌተር ውስጥ የመግባት ዕድል ስታገኙ በሁለቱም ወንበር ተቀመጡና ራሳችሁ ፍረዱ።